የጋሽ ሮቤል መስመር

በስልክ ድርጅቱ መዝገብ መሠረት፣ ደንበኛ ሮቤል ታደለ ሰኞ ኅዳር 14 ቀን 2079 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ ላይ በሕይወት ነበሩ። የስልክ መስመራቸው እንደ ወትሮው «እንደምን አደሩ? አሉ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ሮቤል ነኝ፤ አለሁ» ብለው መልሰዋል። ድምፃቸው ተመሳክሮ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። ጉንፋን ቢጤ እንደያዛቸው መዝገቡ ጠቅሶ፣ የጉሮሮ ከረሜላ ማስታወቂያ ልኮላቸዋል።

በየካ አባዶ የብሎክ 114 እድር ደብተር መሠረት ደግሞ፣ አቶ ሮቤል ታደለ ቅዳሜ ኅዳር 12 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ዐርፈዋል። ደብተሩ የወረቀት ነው። የተጻፈው በእርሳስ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ቀን ማንም በእስክሪብቶ ለመጻፍ አልደፈረም።

ሁለቱም መዝገቦች በጥንቃቄ የተያዙ ናቸው። የመጀመሪያውን የውሃ ቧንቧው፣ የአውቶቡሱ በርና ሆስፒታሉ ያምኑታል። ሁለተኛውን የሚያምኑት አርባ ሦስት ሰዎች ናቸው።

ጋሽ ሮቤል የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበሩ። በ2031 ዓ.ም.፣ በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ድርጅቱ ለአንድ ሳምንት ብቻ ባወጣው ማስታወቂያ ተስበው «የዕድሜ ልክ ውል» ፈረሙ። ውሉ አንድ ገጽ ነው። ደንበኛው በሕይወት እስካለ ድረስ ዋጋው አይጨምርም፣ ቤተሰቡም በዚያው ዋጋ ይገለገላል ይላል። ቤተሰብ ስንት ሰው እንደሆነ አይናገርም። በጊዜው ብዙ ሰው ጉዳዬ አላለውም፤ ያን ጊዜ መስመር ቢቋረጥ ሰው የሚያጣው ወሬ ብቻ ነበርና። ውሃውም፣ አውቶቡሱም፣ ሆስፒታሉም በስልክ መስመር መከፈት የጀመሩት ኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሌላው ሰው ዋጋ በየመስከረሙ መጨመር ጀመረ፤ ኋላ በየሦስት ወሩ ሆነ፤ አሁን በየወሩ መባቻ ነው። የሚላከው መልእክት ግን አልተለወጠም፦ «ውድ ደንበኛችን፣ እርስዎን በተሻለ ሁኔታ ለማገልገል ሲባል…»። ሰው የሚያነበው እስከዚህ ድረስ ነው።

ደንበኞች መጀመሪያ ተቆጡ። ተማክረው ለአንድ ቀን ስልካቸውን ያጠፉ ነበሩ፤ ቧንቧው ሲደርቅባቸው ሳይመሽ መልሰው ከፈቱት። ቀጥሎ ሚስኮል ቋንቋ ሆነ። አንድ ጊዜ ጠርቶ ቢቋረጥ «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ «ና»፣ ሦስት ጊዜ «ሰው ታሟል» ማለት ነበር። ባልና ሚስት በሚስኮል ተጣልተው በሚስኮል ይታረቁ ነበር። ድርጅቱ ይህን ሲያይ ያልተነሳውንም ጥሪ ማስከፈል ጀመረ። ያኔ ብዙ ሰው መስመሩን መለሰ። መስመሩን የመለሰ ሰው አውቶቡስ በር አይከፍትለትም፤ ውሃ ጎረቤት ከፈቀደለት በጀሪካን ይቀዳል፤ ቢታመም ተራ አይያዝለትም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ማለዳ በመንገዱ ዳር ተከታትለው ወደ ሥራ ሲሄዱ፣ ከሩቅ ላያቸው ንግሥ የሚወርዱ ይመስላሉ።

ብሎክ 114 ከዚህ የተረፈው በጋሽ ሮቤል ነው። የእድሩ ሊቀመንበር እትዬ መክሊት ውሉን በመነጽር ሲያነቡ «ቤተሰብ» የምትለዋን ቃል አገኙ፤ ከዚያ የብሎኩ ነዋሪ አንድ በአንድ የጋሽ ሮቤል ልጅ ሆኖ ተመዘገበ። አርባ ሁለት ልጅ። ከልጆቹ ሦስቱ በዕድሜ አባታቸውን ይበልጣሉ።

«እኔ የወለድኩት ያፌትን ብቻ ነው፤» ይሉ ነበር ሚስታቸው እማማ ፌቨን። «አርባ አንዱን ከየት እንዳመጣቸው እሱን ጠይቁት።»

ከልጆቹ አንዱ ጋሽ ሱራፌል ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ። ጥሩምባ ነፊነት ዛሬ ሹመት ነው። ሰው ዘመዱ ሲሞትበት ቢሮ ሄዶ ማስመዝገብ ስላልሆነለት፣ በ2058 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የጥሩምባ ነፊውን ጥሪ ራሱን የሞት ምዝገባ አደረገው። ነፊው መሐላ ይፈጽማል። ጥሩምባው ተነፍቶ ስም ሲጠራ በየኪሱ ያለው ስልክ ሁሉ ይሰማል፤ የተጠራው ሰው በዚያችው ደቂቃ ከመዝገብ ይወጣል፤ ውሉ ይዘጋል፤ የመቃብር ቦታው በርም ለዚያ ስም ይከፈታል። ላልተጠራ ስም በሩ አይከፈትም። በስህተት የተጠራም አይመለስም። ብሎክ 97 ውስጥ እንዲህ የሆነ አንድ ሰው አለ፤ ከተጠራ አራት ዓመቱ ነው። ሚስቱ በሕግ ባል የሞተባት ናት። ውሃ ጎረቤቶቹ ይሰጡታል። ሲናገር ስልኮች ድምፁን ከመኪና ጩኸትና ከውሻ ጩኸት ጋር እንደ ጫጫታ ቆጥረው ያልፉታል።

«ልጄ ሱራፌል፤» ይሏቸው ነበር ጋሽ ሮቤል፣ ደረጃው ሥር ቁጭ ብለው ዳማ ሲጫወቱ። «የሁሉንም ነፋህ። ያንተን ቀን ማን ሊነፋልህ ነው?»

«እኔው ራሴ ነዋ፣ አባዬ። ለሌላ ሰው ብተወው ስሜን አበላሽቶ ይጠራኛል።»

«እንግዲያው ከኔ በፊት እንዳትሄድ። ያላንተ ማን በሩን ያስከፍትልኛል?»

ጋሽ ሱራፌል አንድ ልጅ አላቸው፤ ኤፍራታ ትባላለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ስድስት ዓመት አልፏል። ማክሰኞና ዓርብ ለእጥበት ሆስፒታል ትሄዳለች። ተራዋ የተያዘው በጋሽ ሮቤል መስመር ነው፤ መስመሩ ከተዘጋ ተራው አብሮ ይዘጋል። አዲስ ተራ ለማግኘት አራት ወር ይጠበቃል። ያለ እጥበት ምን ያህል እንደምትቆይ ስትጠይቀው፣ ሐኪሙ ቃል ሳይተነፍስ የሁለት እጆቹን ጣቶች ዘርግቶ አሳያት። በወር እየቆጠረ አልነበረም።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ሱራፌል የወዳጃቸውን ሞት እንደሰሙ ጥሩምባቸውን ከግድግዳው አውርደው ደረጃውን መውረድ ጀምረው ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ እትዬ መክሊት እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ስለነበረ ምንም አልተናገሩም። በጣታቸው ወደ ላይ፣ ወደ አራተኛው ፎቅ፣ ወደ ኤፍራታ በር ጠቆሙ። ጋሽ ሱራፌል ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጥሩምባውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ ተመልሰው ወጡ።

እማማ ፌቨን አላለቀሱም። ስም ሳይጠራ የተለቀሰ ልቅሶ ስልክ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነም ይጠይቃል። የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ተቀመጡ። አስከሬኑ ውስጠኛው ክፍል ውስጥ በበረዶ ተከቦ ነበር። በረዶውን የሚያመጣው ዓሣ ሻጩ «ድግስ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። «አዎ፣ ድግስ ነው» ተባለ። እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ሄደ።

እሑድ ጠዋት የጋሽ ሮቤል ስልክ እማማ ፌቨን ጉያ ውስጥ እንዳለ «እንደምን አደሩ? አሉ?» አለ። አስቀድሞ የመከረ ሰው አልነበረም። ያፌት ለእናቱ ሻይ እያቀረበ ነበር። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የሒሳብ መምህር ነው። ድምፁ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ከአባቱ አይለይም፤ ለአባቱ የተላከ ስድብና ምስጋና ሁሉ በስልክ እየደረሰው ነው ያደገው። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሮቤል ነኝ፤ አለሁ፤» አለ።

ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋና ቧንቧውን ከፈተ። ውሃው መጣ። ውሃው እየወረደ ሳለ አለቀሰ።

ሰኞ ጠዋት ሁለተኛው «አለሁ» እንዳለፈ፣ እትዬ መክሊትና ጋሽ ሱራፌል እማማ ፌቨን ቤት መጡ። የሁሉም ስልክ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባ። ስልክ ከሰው ገላ ርቆ አሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈው «ደህና ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል፤ መልስ ካላገኘ ሰው ይልካል። ስለዚህ ስብሰባው አሥራ አምስት ደቂቃ ነበረው። እትዬ መክሊት የግድግዳውን ሰዓት አይተው ጀመሩ።

«ዛሬ መቀበር አለበት። ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ከዚህ በላይ ነውር ነው።»

«ነውሩስ ቅዳሜ ተፈጽሟል፤» አሉ ጋሽ ሱራፌል።

«ጋሼ፣ ደረጃው ላይ ያቆምኩዎት ለማን ብዬ ነው?»



እማማ ፌቨን ነጠላቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ሃምሳ ዓመት አብሬው ኖሬ አንድ ኡኡታ ሳላሰማለት? የመክሊት ድመት እንኳ ስትሞት በዚህ ብሎክ ተለቅሶላታል።»

«ድመቷ መስመር አልነበራትም፣ እማዬ፤» አለ ያፌት።

እሱ ለቀልድ ብሎ አልነበረም። እማማ ፌቨን ግን ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥባቸው ሲል ነጠላውን መልሰው ነከሱ።

ያፌት ቀስ ብሎ፣ ሰሌዳ ላይ እንደሚያስረዳ ሰው መናገር ጀመረ። «የመቃብሩ በር የሚፈልገው የተጠራ ስም ነው። አስከሬኑ የማን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ጋሽ ሱራፌል የኔን ስም ይጥሩ። አባዬ በኔ ስም ይቀበር። እኔ በየጠዋቱ አባዬን ሆኜ እመልሳለሁ። መስመሩም አይዘጋም።»

«ምን አልክ?» አሉ እናቱ።

«ወረቀት ነው፣ እማዬ።»

«ወረቀት! አንዱን ቀብሬ ሌላውን በአፌ ልግደለው? ባሌን ‹ልጄን፣ ልጄን› እያልኩ ላልቅሰው?»

«ማስተማሩስ?» አሉ እትዬ መክሊት። «የሞተ ሰው ክፍል አይገባም። ደግሞ ኤልዳናስ?»

ኤልዳና ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የያፌት ልጅ ናት።

«ስምህ በተጠራ በደቂቃው ‹አባትዎ ዐርፈዋል› የሚል መልእክት ይደርሳታል። እውነቱን በስልክ ልትነግራት አትችልም።»

«ሰው እንልካለን።»

«ሰውዬው ሐዋሳ እስኪደርስ ድረስስ?»

ያፌት እጆቹን አየ። «እስኪደርስ ታለቅሳለች፤» አለ።

ሰባት ደቂቃ አልፏል።

«ቢሆንም አይሆንም፤» አሉ እትዬ መክሊት በመጨረሻ። «መቃብሩ በር ላይ ዘበኛ አለ። ከፈኑን ገልጦ ፊት ያያል። አርባ ስምንት ዓመት ተብሎ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ቢያገኝ፣ ከዚያው ከለቀስተኛው መሃል ነው የሚለቅመን።»

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ኤፍራታ ነበረች፤ የጠራት የለም። ስልኳን ከቤቷ ትታ ባዶ እጇን ነው የወረደችው። ነገ የእጥበቷ ቀን ስለሆነ ፊቷ አብጧል። ትንፋሿ እስኪመለስ በሩን ይዛ ቆመች።

«ስለ እኔ ነው አይደል የምታወሩት?»

«ስለ እድሩ ነው፣ ልጄ፤» አሉ እትዬ መክሊት።

«እድሩ ውሃ በጀሪካን መቅዳት ይችላል፣ እትዬ። በእግሩ መሄድም ይችላል። መስመሩ ቢዘጋ ከዚህ ብሎክ የሚሞተው አንድ ሰው ነው። ስሟን እየጠራችሁ አውሩ።»

ማንም ስሟን አልጠራም።

ወደ አባቷ ዞረች። «አባ፣ ጋሽ ሮቤል ‹ልጄ ናት› ብለው አስመዘገቡኝ፤ ስድስት ዓመት ሰጡኝ። እኛ እንደ ዓሣ በረዶ ላይ አስተኛናቸው። ስማቸውን ጥራላቸው። ይቀበሩ።»

«ዝም በይ።»

«ዝም አልልም። በእሳቸው ሬሳ ላይ ተቀምጬ ተራ አልጠብቅም…»

«ዝም በይ አልኩሽ!» ጋሽ ሱራፌል ከተቀመጡበት ተነሱ። ድምፃቸው ግን ወዲያው ወረደ። «አርባ ዓመት የሰው ስም ጠርቻለሁ፣ ኤፍራታ። የእናትሽንም ጠርቻለሁ፤ እዚህ ግቢ መሃል ቆሜ፣ ድምፄ ሳይሰበር። ያንቺን አልጠራም። ይኼን አትጠይቂኝ።»

«እኔ እኮ የጠየቅኩህ የሳቸውን ነው።»

«የሱን ስጠራ ያንቺን እየጠራሁ ነው። ታውቂያለሽ።»

ኤፍራታ እማማ ፌቨን አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አሮጊቷ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አኖሩ። «እኔን ብትጠይቁኝ፤» አሉ፣ ነጠላው አፋቸው ውስጥ ስለነበረ ቃላቸው እየታፈነ፣ «ልጅም አልቀብርም፤ ይቺንም አልቀብርም። ባሌን ብቻ ነው መቅበር የምፈልገው። ይኼ ብዙ ነው?»

ጋሽ ሱራፌል ሰዓቱን አዩ። «መክሊት፣ ያ ዘበኛ ሮቤልን በመልክ ያውቀዋል?»

«ከየት አውቆት፣ ጋሼ? በየወሩ እኮ ይቀያየራሉ። ከተጻፈው ዕድሜ ጋር ያስተያያል፣ አለቀ።»

«ጥሩ።»

«ምኑ ነው ጥሩ?»

ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ አንድ ድምፅ «ደህና ነዎት?» አለ። ሌላው ተከተለው። ሦስተኛው የያፌት ነበር። ሁሉም ተነስተው ስልካቸውን አወጡ፤ ስልኮቹ ቀዝቅዘው ነበር፤ እያንዳንዳቸው «ደህና ነኝ» አሉ። እማማ ፌቨን ሁለት ስልክ አወጡ፤ አንዱን ለያፌት ሰጡት። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ በአባቱ ስም «ደህና ነኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ማንም መናገር አልቻለም።

ጋሽ ሱራፌል ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ፤ ጥቂት ቆይተው ወጡ። እጃቸው ከበረዶው ረጥቦ ነበር። ኮታቸውን ቆለፉ፤ ጥሩምባቸውን አነሱ። እትዬ መክሊት ቅንድባቸውን ሰቅለው በዓይናቸው ጠየቁ፦ የማንን? ያፌት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የራሱን አመለከተ። እናቱ እጁን ከደረቱ ላይ ነጥቀው ያዙት። ኤፍራታ ደግሞ በጣቷ ወደ ውስጠኛው ክፍል አመለከተች፤ ጣቷን አላወረደችም። ጋሽ ሱራፌል ሦስቱንም በየተራ አዩ። ወደ ልጃቸው ሄደው ያንን የተዘረጋ ጣት በመዳፋቸው ጨብጠው ቀስ ብለው አጠፉት። ግንባሯን ሳሙ። ወጡ።

ደረጃው ሠላሳ ስድስት ነው። ሲወርዱ ድምፃቸው በየፎቁ ተሰማ። የብሎኩ በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሰው ከሁለት ቀን ጀምሮ ይህን ድምፅ ሲጠብቅና ሲፈራ ነበር፤ ጥሩምባው ከተነፋ የሚዘጋው ውሃቸው፣ የሚቀረው አውቶቡሳቸው መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አንዲት ሴት በችኮላ ባልዲ ቧንቧ ሥር አስቀመጠች። ሌላዋ አይታ እሷም አስቀመጠች።

ጋሽ ሱራፌል በብሎክ 114 እና በብሎክ 115 መካከል፣ ድንኳን በሚተከልበት ባዶ ቦታ ላይ ቆሙ። በሦስተኛው ፎቅ መስኮት እማማ ፌቨን ነጠላቸውን እንደነከሱ ይታያሉ፤ አጠገባቸው ኤፍራታና ያፌት ቆመዋል። ሥርዓቱ በሚያዘው መሠረት ጋሽ ሱራፌል ወደ አራቱም አቅጣጫ ዞረው ነፉ። ጥሩምባው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሰነጠቀ፤ ከዚያ ጠራ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አሉ። «ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ቀብር አለን! ድንኳን አሁን ይተከላል! የብሎክ 114 ነዋሪ፣ የእድራችን አባል፣ ዕድሜው ሰባ አራት ዓመት የሆነ…»

እትዬ መክሊት ደረጃው ላይ ቆመው ነበር። ዕድሜውን ሲሰሙ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከላይ ኤፍራታ «አባ!» ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ ግን አላቋረጣቸውም።

«…የኤፍራታ አባት፣ ሱራፌል ገብረየስ ዛሬ ዐርፏል!»

በአርባ ሦስቱ ሰዎች ኪስ ውስጥ ስልኮች በአንድ ጊዜ ተንቀጠቀጡ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ ስሙ ትክክል ተጽፏል። ለኤፍራታ የደረሳት ሁለት መልእክት ነው። አንደኛው ስለ አባትዋ ዕረፍት የድርጅቱን ሐዘን ይገልጻል፤ ሁለተኛው የነገ ተራዋ በሦስት ሰዓት እንደሆነ ያስታውሳታል።

ከዚህ ቀጥሎ የተነገረውን በግቢው ውስጥ የነበረ ስልክ ሁሉ እንደ ጫጫታ አልፎታል። ሰዎቹ ግን ሰምተዋል። ጋሽ ሱራፌል ጥሩምባውን መሬት ላይ አስቀመጡ፤ ወደ ሦስተኛው ፎቅ መስኮት ቀና አሉ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ በዚያ ብሎክ ማንም ባልተናገረበት ድምፅ፣ ሳያንሾካሹኩ፣ እየጮኹ እንዲህ አሉ፦

«ሮቤልን ነው የምንቀብረው! በስሜ ግባ ብዬዋለሁ፤ በሩ ይከፈትለታል! እህቴ ፌቨን፣ ነጠላውን ከአፍሽ አውጪ። እንግዲህ አልቅሺ!»